ቶምካት ሲነሳ የራሴን ኮድ ማስኬድ፦ መብራት በመጣ ቁጥር

የመጋዘኑ_ልጅ · ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 1፡20

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጅማ አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ የምትሠራ ትንሽ ሲስተም አለችኝ። ጃቫ ናት፣ ቶምካት 9 የሚባለው ዌብ ሰርቨር ላይ። ሥራዋ ቀላል ነው። አቅራቢ ጀንፈል ጭኖ ይመጣል፣ ይመዘናል፣ ኪሎው ይገባል። እሷ ኪሎውን ለ17 አካፍላ ፈረሱላ ታወጣለች፣ ደረሰኝ ታትማለች።

ችግሬ ይሄ ነው። የአቅራቢዎችን ዝርዝርና የዕለቱን ዋጋ ከዳታቤዝ አንስታ ሜሞሪ ላይ ትይዛለች። ይህን የምታደርገው ግን የመጀመሪያው ሰው ገጹን ሲከፍት ነው። የመጀመሪያው ሰው ማለት ደግሞ ሚዛን ላይ የምትቀመጠው ልጅ ናት። ገጹን ትከፍታለች፣ ገጹ ይሽከረከራል፣ ከኋላዋ ሦስት አይሱዙ ተሰልፎ ይጠብቃል። መብራት ሄዶ ሲመጣ እንደገና ያው ነው። ደውላ የምትለኝን እዚህ አልጽፈውም።

የምፈልገው ቶምካት ሲነሳ፣ ማንም ሳይነካው፣ ኮዴ ራሱ እንዲሄድ ነው። ጠዋት ጠዋት የዕለቱን ዋጋ ለአቅራቢዎች በሜሴጅ መላክም አስቤአለሁ፤ እሱንም እዚያው ላይ ልሰካው ነው። ስታቲክ ብሎክ ውስጥ ከትቼው ነበር፣ አልሆነም። የት ነው የሚጻፈው?

(በስልክ ስለምጽፍ የኮዱን ስም ሁሉ በፊደል ነው የማስቀምጠው። ታገሡኝ።)

ኮቼ_ቦይ · ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 1፡45

ስታቲክ ብሎክ የሚሄደው ክላሱ ሲጫን ነው እንጂ ሰርቨሩ ሲነሳ አይደለም። ክላሱን የሚጠራው ከሌለ አይጫንም።

ቀላሉን ልንገርህ። አንድ ሰርቭሌት ጻፍ። ‹ኢኒት› ሜተዱ ውስጥ ሥራህን አስገባ። ዌብ ኤክስኤምኤል (የአፕሊኬሽኑ ቅንብር ፋይል) ላይ ‹ሎድ ኦን ስታርትአፕ› 1 በለው። ዜሮ ወይም ከዚያ በላይ ቁጥር ከሰጠኸው አፕሊኬሽኑ ሲነሳ አብሮ ይነሳል፣ ትንሹ ቁጥር ይቀድማል። ቁጥሩን ከተውከው ወይም ነጌቲቭ ካደረግከው ግን ሰው እስኪጠራው ሊተኛ ይችላል። እኔ ስንት ዓመት በዚሁ ነው የኖርኩት።

አዋይቱ · ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 2፡05

ኮቼ ያልከው ይሠራል። ግን ሰርቭሌት ጥያቄ ተቀብሎ መልስ ለመስጠት ነው የተፈጠረው። ማንም የማይጠራው ሰርቭሌት ማቆም ደንበኛ ለማይገባበት ሱቅ ሻጭ መቅጠር ነው።

ለዚህ ተብሎ የተሠራው ‹ሰርቭሌት ኮንቴክስት ሊስነር› ነው። ኢንተርፌስ ነው፣ ሁለት ሜተድ አለው። ‹ኮንቴክስት ኢኒሻላይዝድ› አፕሊኬሽኑ ሲነሳ፣ አንድም ጥያቄ ሳይገባ ይጠራል። ‹ኮንቴክስት ዲስትሮይድ› ሲዘጋ ይጠራል። ክላሱ ራስጌ ላይ ‹አት ዌብ ሊስነር› የሚለውን ልጥፍ (አኖቴሽን) ለጥፍ፣ በቃ። ያነሳኸውን ዝርዝር ሰርቭሌት ኮንቴክስቱ ላይ ‹ሴት አትሪቢዩት› ብለህ ታስቀምጣለህ። ሰርቭሌቶችህ ከዚያ ይወስዱታል።

ሜሴጁን ግን ለምን እዚያ ላይ ትሰካዋለህ? ሰርቨሩ በቀን አንዴ ብቻ ነው እንዴ የሚነሳው?

ስፕሪንግ_ሰፈር · ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 2፡10

ስፕሪንግ ቡት የሚባለውን የጃቫ ፍሬምወርክ ብትጠቀም ኖሮ ‹አፕሊኬሽን ረነር› ጽፈህ ወደ ቡናህ ትመለስ ነበር። 😄

ጋሼ_ሎግ · ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 3፡30

ስፕሪንግ፣ ጣሪያው ያፈሰሰበትን ሰው ሌላ ቤት ሥራ አይሉትም።

የመጋዘኑ ልጅ፣ አዋይቱ እንዳለችህ ሊስነሩን ያዝ። ነገሩ አዲስ አይደለም። ከሰርቭሌት 2.3 ጀምሮ አለ፣ በፈረንጅ 2001 መሆኑ ነው። ያኔ ዌብ ኤክስኤምኤል ላይ በእጃችን ነበር የምንጽፈው። ክላሱ ላይ መለጠፍ የመጣው በ2009 ከሰርቭሌት 3.0 ጋር ነው።

ከመጀመርህ በፊት ተራውን እወቅ። መጀመሪያ ሊስነሮች ይጠራሉ፣ ቀጥሎ ፊልተሮች፣ ከዚያ ሎድ ኦን ስታርትአፕ ያላቸው ሰርቭሌቶች። ስለዚህ ሊስነሩ ያዘጋጀውን ሌሎቹ ተዘጋጅቶ ያገኙታል። ከአንድ በላይ ሊስነር ካለህ ዌብ ኤክስኤምኤል ላይ በጻፍክበት ተራ ይሄዳሉ፣ ሲዘጋ በተገላቢጦሽ። በልጥፍ ብቻ ከሆነ ተራቸው ዋስትና የለውም። ተራ የሚያስፈልግህ ከሆነ በእጅህ ጻፈው።

ሌላው፣ ሲበላሽ የሚሆነው ነው። ሰርቭሌት ኢኒቱ ላይ ቢወድቅ ቶምካት ሎግ ላይ ይጮኻል እንጂ፣ ቅንብሩን ካልነካካኸው በቀር አፕሊኬሽኑን አይዘጋውም። ሊስነር ኤክሴፕሽን ከወረወረ ግን አፕሊኬሽኑ ጭራሽ አይነሳም። ብሮውዘር ላይ 404 ነው የምታየው። ፋይሉ የጠፋ መስሎህ ግማሽ ቀን ትፈልጋለህ።

የመጋዘኑ_ልጅ · ኅዳር 10፣ ከቀኑ 7፡15

ገለቶማ ሁላችሁም። ሊስነሩን ጻፍኩ። ኮምፓይል ሆነ። ዋሩን (አፕሊኬሽኑ የታሸገበትን ፋይል) ዌብአፕስ ፎልደር ውስጥ ጣልኩት። አፕሊኬሽኑ ተነሳ፣ ገጾቹ ይከፈታሉ። ሊስነሩ ግን ዝም። መጀመሪያው መስመር ላይ ‹ተነሳሁ› ብሎ ሎግ እንዲያደርግ ጽፌአለሁ፣ የለም። ኤረርም የለም። ኤረር ቢኖር እኮ ደስ ይለኝ ነበር።

ኮቼ_ቦይ · ኅዳር 10፣ ከቀኑ 7፡22

ዋሩ አሮጌው እንዳይሆን። ዌብአፕስ ውስጥ የተዘረገፈውን ፎልደር አጥፍተህ እንደገና ጣለው። አሊያም ዌብ ኤክስኤምኤልህ አናት ላይ ‹ሜታዳታ ኮምፕሊት› ትሩ ይላል ወይ? እሱ ካለ ቶምካት ልጥፎችን አይፈልግም።

የመጋዘኑ_ልጅ · ኅዳር 10፣ ከቀኑ 7፡50

አጥፍቼ ጣልኩት፣ ያው ነው። ሜታዳታ ኮምፕሊት የሚል ነገር የለም።

አዋይቱ · ኅዳር 10፣ ከቀኑ 8፡02

የሊስነሩ ፋይል ላይ ኢምፖርቶቹ በምን ይጀምራሉ? በ‹ጃቫክስ› ወይስ በ‹ጃካርታ›?

የመጋዘኑ_ልጅ · ኅዳር 10፣ ከቀኑ 8፡04

ጃካርታ። ኢንተርኔት ላይ ካገኘሁት ምሳሌ ነው የወሰድኩት። ኮምፓይል አልሆን ሲለኝ ጃሩንም (የላይብረሪውን ፋይል) ጨመርኩለት።

አዋይቱ · ኅዳር 10፣ ከቀኑ 8፡11

ተገኘ። ቶምካት 9 የሚያውቀው ጃቫክስን ነው። ጃካርታ ከቶምካት 10 ጀምሮ ነው። ጃቫ ኢኢ ከኦራክል ወደ ኢክሊፕስ ፋውንዴሽን ሲሄድ፣ ጃቫክስ በሚለው ስም ሥር ማሻሻሉን መቀጠል አልተፈቀደላቸውም። ስለዚህ በ2020 በጃካርታ ኢኢ 9 የፓኬጁን ስም ቀየሩት። የኢንተርፌሱ ስም ያው ‹ሰርቭሌት ኮንቴክስት ሊስነር› ነው፣ የሁለቱም ሜተዶች ስም ያው ነው። ለቶምካት 9 ግን ልጥፍህ የማያውቀው ቋንቋ ነው፤ ስለማያውቀው አልፎት ይሄዳል። ለዚህ ነው ኤረር ያላየኸው።

ጃሩን አውጣ። ኢምፖርቱን ጃቫክስ አድርገው። ወደ ቶምካት 10 የምትሄድ ቀን ደግሞ ሁሉንም በአንዴ ትቀይራለህ።

የመጋዘኑ_ልጅ · ኅዳር 10፣ ከቀኑ 8፡40

ሠራ!! ‹ተነሳሁ› አለ። አዋይቱ ዕድሜ ይስጥሽ።

ግን ሁለት ጊዜ ነው ያለው። ‹ተነሳሁ›፣ ከዚያ ስምንት ሰከንድ ቆይቶ ‹ተነሳሁ›። መብራት አልሄደም፣ እኔም አልነካሁትም።

ኮቼ_ቦይ · ኅዳር 10፣ ከቀኑ 8፡44

ስታቲክ ቡሊያን አድርግ። መጀመሪያ ሲሄድ ትሩ ይሁን፣ ሁለተኛው ሲመጣ አይቶ ይመለስ።

ጋሼ_ሎግ · ኅዳር 10፣ ከቀኑ 9፡30

ኮቼ፣ አይሆንም። አንድ ዋር ሁለት ቦታ ከተጫነ እያንዳንዱ ክላሶቹን የሚጭንለት የራሱ ክላስ ሎደር አለው። ስታቲኩም ሁለት ነው። አንዱ ትሩ ሲል ሌላው አይሰማም።

የመጋዘኑ ልጅ፣ ‹ሰርቨር ኤክስኤምኤል› የሚባለውን ፋይል ክፈት። ‹ሆስት› ውስጥ ‹ኮንቴክስት› የሚል መስመር አለ?

የመጋዘኑ_ልጅ · ኅዳር 10፣ ከቀኑ 9፡48

አለ ጋሼ። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ጽፎት የሄደ ነው። ፓዙ (አድራሻው) ባዶ፣ ዶክቤዙ (ፎልደሩ) የእኛ አፕሊኬሽን። አድራሻው ላይ የአፕሊኬሽኑ ስም እንዳይታይ ብሎ ይመስለኛል።

ጋሼ_ሎግ · ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 1፡15

እሱ ነው። ፎልደሩ ዌብአፕስ ውስጥ ስለሆነ ቶምካት ራሱ አንዴ ጫነው። ሰርቨር ኤክስኤምኤል ላይ ስለተጻፈ ደግሞ ሌላ ጊዜ ጫነው። ሁለት አፕሊኬሽን ነው ያለህ። እስከ ዛሬ ያላወቅከው ሁለተኛውን የሚከፍተው ሰው ስላልነበረ ነው። ሊስነር ግን ሰው አይጠብቅም።

መስመሩን አጥፋ። ዋሩን ‹ሩት› ብለህ ሰይመው፣ በትልልቁ ፊደል፣ አራቱንም። ያኔ ያለ ስም አድራሻው ላይ ይቀመጣል፣ አንዴ ብቻ።

የመጋዘኑ_ልጅ · ኅዳር 13፣ ከጠዋቱ 2፡30

አንዴ ብቻ ሆነ፤ ጋሼ አመሰግናለሁ። ሁለት ቀን ሰላም ነበር። ሚዛን ላይ ያለችው ልጅ ሁለት ቀን ሙሉ አልደወለችም።

ዛሬ ግን ሌሊት መብራት ሄዶ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ መጣ። ጠዋት ስደርስ 404። ጋሼ ያሉት 404። ካታሊና ሎግ (የቶምካቱ ዋና ሎግ) ላይ ያለው ‹ከሊስነሮቹ አንዱ ወይም ከዚያ በላይ መነሳት አልቻሉም፣ ዝርዝሩን ሌላ ሎግ ላይ ተመልከት› የሚል ነው። የትኛው ሌላ ሎግ? ቶምካትን ሪስታርት ሳደርገው ምንም ሳይል ተነሳ። አይሱዙዎቹ ግን ተሰልፈው ነበር።

ጋሼ_ሎግ · ኅዳር 13፣ ከጠዋቱ 3፡05

እዚያው ሎግስ ፎልደር ውስጥ ‹ሎካልሆስት› ብሎ ቀን የተጻፈበት ፋይል አለ። ሙሉው እዚያ ነው። ሳላየው ልገምት? ዳታቤዙ ገና አልተነሳም ነበር።

የመጋዘኑ_ልጅ · ኅዳር 13፣ ከጠዋቱ 3፡12

‹ኮኔክሽን ሪፊውዝድ›። ጋሼ ጠንቋይ ነዎት።

ጋሼ_ሎግ · ኅዳር 13፣ ከረፋዱ 4፡00

ጥንቆላ አይደለም፣ ጅማ 6 ዓመት ሰርቻለሁ። መብራት ሲመጣ ሁሉም በአንዴ ነው የሚነሳው። ማሽኑ፣ ራውተሩ፣ ፖስትግሬሱ (ዳታቤዝህ)፣ ቶምካቱ። ፖስትግሬስ መብራት በድንገት ከሄደበት ሲነሳ መጀመሪያ ያላለቀውን ሥራውን ከማስታወሻው ያጣራል። ቶምካትህ ደግሞ እሱ ገና ሳይነሳ በሩን ያንኳኳል። የሚከፍትለት የለም። ሊስነርህ ወደቀ፣ አፕሊኬሽኑ ቀረ። አንተ ሪስታርት ስታደርገው ፖስትግሬስ ተነስቶ ስለቆየ ሠራልህ።

ሊኑክስ ከሆነ ሲስተምዲ (ፕሮግራሞቹን የሚያስነሳው) ላይ የቶምካቱ ፋይል ውስጥ ‹አፍተር› ብለህ ፖስትግሬስን ጥቀስ። ይረዳል። ግን በእሱ ብቻ አትመካ። ኮንቴክስት ኢኒሻላይዝድ ውስጥ ዳታቤዝ አትንካ ባይ ነኝ። እዚያ አንድ የጀርባ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) አስነሳና ወዲያው ውጣ። ትሬዱ ዳታቤዙን ይሞክር፤ እምቢ ካለው አምስት ሰከንድ ተኝቶ ደግሞ ይሞክር።

ሌላም ጥቅም አለው። ቶምካት ሲነሳ ፖርቱን ቀድሞ ይይዛል፣ ግን አፕሊኬሽኖቹ ሁሉ ተነስተው እስኪያልቁ አያስተናግድም። ሊስነርህ ውስጥ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ካለ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ገጹ ይሽከረከራል። ያቺው ልጅ፣ ያው ስልክ።

ኮቼ_ቦይ · ኅዳር 13፣ ከረፋዱ 4፡20

ጋሼ ይቅርታ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ዝርዝሩ ሳይጫን ገጹ ከተከፈተ ያለ ዋጋ ይመዝናሉ። ወይ በትናንት ዋጋ። የቡና ብር ነው እኮ። እኔ 404ቱን እመርጣለሁ፣ ቢያንስ ማንም አይሳሳትም።

አዋይቱ · ኅዳር 13፣ ከረፋዱ 4፡35

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ስለተለያየ ነገር ነው የምታወሩት። የቅንብር ፋይል ከጠፋ ወይም የዳታቤዙ ፓስወርድ ከተሳሳተ ብትጠብቅም አይስተካከልም። ያኔ ይውደቅ፣ ሰው ይምጣ። ዳታቤዙ ከዘገየ ግን ይጠበቃል። እስኪጫን ድረስ ሰርቭሌቱ አትሪቢዩቱን አይቶ ባዶ ከሆነ ‹ዋጋ እየተጫነ ነው› የሚል ገጽ ያሳይ፣ መመዘኛ ቁልፉን ይዝጋ። 404 ያየ ሰው ስልክ ያነሳል፣ ‹እየተጫነ ነው› ያየ ሰው ቡናውን ይጠጣል።

ኮቼ_ቦይ · ኅዳር 13፣ ከረፋዱ 4፡38

ቁልፉ ከተዘጋ እሺ። ተረታሁ።

የመጋዘኑ_ልጅ · ኅዳር 17፣ ከምሽቱ 2፡00

ወገኖቼ፣ ተዋርጃለሁ።

አዋይቱ መጀመሪያ ቀን የጠየቅሽኝን አልመለስኩልሽም ነበር። ሰርቨሩ በቀን አንዴ ብቻ ነው ወይ የሚነሳው? አይደለም። ዛሬ አምስት ጊዜ ተነሳ። የዋጋ ሜሴጁን ሊስነሩ ላይ ሰክቼው ስለነበር አምስት ጊዜ ላከ። ለሁሉም። አንድ ሽማግሌ ከአጋሮ መንገድ ደውለው ‹ልጄ፣ ዋጋው በየሰዓቱ ነው የሚቀያየረው? የቱን ልመን?› አሉኝ። አምስቱም ላይ ያለው ዋጋ አንድ ዓይነት ነው ብላቸው አላመኑኝም። አምስቱንም በልጃቸው አስነብበው ነው የተውኝ።

አለቃዬ የሜሴጁን ሒሳብ ገና አላየውም።

አዋይቱ · ኅዳር 17፣ ከምሽቱ 2፡25

አይዞህ፣ ሁላችንም አንድ ቀን ልከናል። 😅 እኔ የሙከራ ሜሴጅ ለእውነተኛ ደንበኞች ልኬ አውቃለሁ፤ ‹ሀ ሁ ሂ› የሚል።

ነገሩ ይሄ ነው። ሰርቨር መነሳቱ ስለ ቀኑ ምንም አይነግርህም። መብራት ሲመጣ ይነሳል። አዲስ ዋር ስትጥልም፣ ሰርቨሩ ሳይጠፋ፣ ሊስነሩ ዳግም ይጠራል። ‹ዛሬ ተልኳል ወይ?› የሚለውን የሚያውቀው ዳታቤዙ ብቻ ነው።

ሰንጠረዥ ሥራ፦ ቀን፣ አቅራቢ፣ ሁኔታ። ቀንና አቅራቢ አንድ ላይ ዩኒክ (የማይደገሙ) ይሁኑ። ከመላክህ በፊት ‹ሊላክ› ብለህ አስገባ። ከላክህ በኋላ ‹ተላከ› በለው። ዳግም ሲነሳ ‹ተላከ› ያለውን አይነካም፣ ‹ሊላክ› ላይ የቀረውን ብቻ ይቀጥላል።

ኮቼ_ቦይ · ኅዳር 17፣ ከምሽቱ 2፡31

ሜሴጁ ወጥቶ ‹ተላከ› ሳይባል መብራት ቢሄድስ?

አዋይቱ · ኅዳር 17፣ ከምሽቱ 2፡34

ያ አንድ ሰው ሁለት ይደርሰዋል። ለሁሉም አምስት ከመላክ አንድ ለአንድ ሰው መድገም ይሻላል። ቀድመህ ‹ተላከ› ብትል ደግሞ ጭራሽ የማይደርሰው ሰው ይኖራል። ለዋጋ ከሆነ ሁለት ጊዜ መስማቱን እመርጣለሁ። ለገንዘብ ክፍያ ቢሆን በተቃራኒው አስብ ነበር።

ጋሼ_ሎግ · ኅዳር 17፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰዓቱንም እንዲህ አድርገው። ልክ በዚህ ሰዓት ይነሳ ብለህ አትቅጠረው፤ በዚያ ሰዓት መብራት ከሌለ ቀኑ አለፈ። በየአሥር ደቂቃው የሚነቃ ትንሽ ሥራ ይኑርህ። ሲነቃ ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቅ፦ የመላኪያ ሰዓት አልፏል? ያልተላከለት አለ? ለዚህ ‹ስኬጁልድ ኤክሴኪውተር ሰርቪስ› ይበቃሃል፤ የራሱ የጃቫው ነው፣ ተጨማሪ ጃር አያስፈልግም።

አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ሥራው አንዴ ኤክሴፕሽን ካመለጠው ዳግም አይጠራውም። አይነግርህም፣ ሎግም አያደርግም። ከዚያ ቀን በኋላ ዝም ነው። ስለዚህ ሥራውን በሙሉ በ‹ትራይ ካች› ክበበው፣ ስህተቱን ሎግ አድርገውና ይቀጥል።

ኮንቴክስት ዲስትሮይድ ላይ ደግሞ ኤክሴኪውተሩን ዝጋው። ካልዘጋኸው አዲስ ዋር ስትጥል አሮጌው ትሬድ ሳይሞት ይቀራል፣ አዲሱም ይነሳል። ቶምካት ‹ይህ አፕሊኬሽን ያስነሳውን ትሬድ አላቆመም› ብሎ ሎግ ላይ ያስጠነቅቃል። ብዙ ሰው ያንን መስመር አያነብም።

ግን የግድ መቀመጥ ያለበትን ዳታ ኮንቴክስት ዲስትሮይድ ላይ ይቀመጣል ብለህ አትተው። ቶምካት በወጉ ሲዘጋ ብቻ ነው የሚጠራው። መብራት ሲሄድ ማንም አይሰናበትህም።

የመጋዘኑ_ልጅ · ኅዳር 19፣ ከቀኑ 6፡20

እንዳላችሁኝ ሠራሁት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይላክ ብዬ 12 ብዬ ጻፍኩ። አሁን ተላከ። በቀትር። 🤦

ስፕሪንግ_ሰፈር · ኅዳር 19፣ ከቀኑ 6፡23

ሃሃሃ ጃቫ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚያስበው። 6 በለው። ታይምዞኑንም ‹አፍሪካ አዲስ አበባ› ብለህ በግልጽ ጻፍለት። አንድ ቀን ሲስተምህን ውጭ ካለ ሰርቨር ላይ ብታደርገው በዩቲሲ ሦስት ሰዓት ይዘገይብሃል፣ 6 ሰዓቱ ለእኛ 3 ሰዓት ጠዋት ይሆናል።

በነገራችን ላይ ቀልዱን ልተወውና፣ ስፕሪንግ ቡት ላይም ያው ወጥመድ አለ። አፕሊኬሽን ረነር የሚሄደው ቶምካቱ ተነስቶ ጥያቄ መቀበል ከጀመረ በኋላ ነው። ረነሩ ኤክሴፕሽን ከወረወረ ግን አፕሊኬሽኑ በሙሉ ይዘጋል። እኔም ባለፈው ክረምት በዚሁ ተመትቻለሁ፣ ለዚህ ነው ዝም ያልኩት።

ጅሬን_ማዶ · ኅዳር 19፣ ከምሽቱ 1፡40

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ባለቡናው፣ ማሽንህ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው? መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰዓቱ ትክክል ነው? የእኔ ባዮስ ባትሪው ሞቶ ስለነበር በተነሳ ቁጥር ወደ ድሮ ዓመት ይመለስ ነበር። ኔትወርክ እስኪመጣና ሰዓቱ እስኪስተካከል ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። ሊስነርህ በዚያ መሀል ከሄደ ‹የዛሬ› ቀን ብሎ የድሮ ቀን ይመዘግባል። ሰዓቱ ሲስተካከል ደግሞ አዲስ ቀን መስሎት እንደገና ይልካል።

የመጋዘኑ_ልጅ · ኅዳር 19፣ ከምሽቱ 1፡58

ወይኔ። ደረሰኞቹ ላይ አንዳንዴ የሚገርም ቀን የሚወጣው ለዚህ ነው? ፕሪንተሩን ነበር የማማው።

ጅሬን_ማዶ · ኅዳር 19፣ ከምሽቱ 2፡03

ሲአር 2032 የምትባል ጠፍጣፋ ባትሪ ናት። ማዘርቦርዱ ላይ ታያታለህ። ኮዱ ላይም መከላከያ አድርግ፦ ዳታቤዙ ውስጥ ካለው የመጨረሻ ሚዛን ቀን የማሽኑ ቀን ወደ ኋላ ከሆነ አይላክ፣ አሥር ደቂቃ ይጠብቅ።

የመጋዘኑ_ልጅ · ኅዳር 24፣ ከረፋዱ 4፡10

አራት ቀን አለፈ። የዛሬውን ሎግ ላሳያችሁ፣ በፈረንጅ ሰዓት ነው።

05:41 ተነሳሁ
05:41 ዳታቤዝ የለም፣ እጠብቃለሁ
05:41 ዳታቤዝ የለም፣ እጠብቃለሁ
05:42 ዋጋና አቅራቢዎች ተጫኑ
06:01 የዕለቱ ዋጋ ተላከ
08:17 ተነሳሁ
08:18 ዋጋና አቅራቢዎች ተጫኑ
08:28 የሚላክ የለም

8፡17 ላይ መብራት ብልጭ ብሎ መጥቶ ነው። የሚላክ የለም አለ። ሽማግሌውም አልደወሉም።

ኮቼ_ቦይ · ኅዳር 24፣ ከረፋዱ 4፡15

ባትሪዋን ከየት ገዛህ? የእኔም ማሽን ድሮ ነው የሚኖረው።

የመጋዘኑ_ልጅ · ኅዳር 24፣ ከረፋዱ 4፡16

መርካቶ፣ ሰዓት ጠጋኞቹ ጋ። ሁለት ግዛ።